የማክሰኞ ዋጋ

ከቅመም መጋዘን በላይ፣ ደረጃው ከሚንቋቋበት፣
ዝንጅብል ከሥር እየሸተተ፣ ዝናብ ከላይ ከሚያፈስበት፣
ኮቺን ወደብ ዳር ነበርኩ፣ የሌሊት ፊደል ለቃሚ፤
ያሰለፍኩትን የእርሳስ ዘር፣ ራሴው ደግሞ አራሚ።
ፊደል ለቃሚ ዓለምን፣ ገልብጦ ነው የሚያየው፤
ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ፣ ወረቀት እስኪለየው።

ሺቫራማን የሚሉት፣ ጃንጥላው የማይዘጋ፣
ቀኑን ሲዞር ይውልና፣ ይዞልን ይመጣል ዋጋ፤
ሄሉን፣ እርዱን፣ ኮኮናቱን፣ ከሁሉም ቁንዶ በርበሬን፣
በቲኬት ጀርባ ጭሮ፣ ያደክመዋል ዓይኔን።

ዋጋ ማወቅ ቀልድ አይደለም፤ የአገሩ ነጋዴ ስልቱ
በጨርቅ ሥር ነው ውሉ፣ ጣት ለጣት መነካካቱ፤
ሌባ ጣት ሲጨበጥ መቶ፣ ትንሿ ስትነካ አምስት፣
ሻጭና ገዢ ጭጭ፤ ጨርቁ ብቻ ሲላወስ፣ እንደ ሕፃን በሆድ ውስጥ።
ያን ጨርቅ የሚገልጥ ማነው? ፖሊስ ነው? ዳኛ? ቄስ?
የእኛው አራት ገጽ ነበር፣ ቀለሙ ጣት የሚያረክስ።

ሌሊት አሥር ሰዓት ሲል፣ ፓይሊ አውቶቡስ ያስነሣል፣
እሽጉን ከዶሮ ቅርጫት ጋር፣ ጣሪያው ላይ ጠፍሮ ያስራል፤
ዳገቱን ዞሮ ዞሮ፣ ኢዱኪ ተራራ ሲወጣ፣
ቺናማ መንገድ ዳር ናት፣ ከሁሉ ቀድማ መጥታ።
ፊደል የማትለይ ሴት፣ ባሏን ወባ የነጠቃት፣
ቁጥር ግን፣ በተለይ የራሷ፣ ፈጽሞ የማያመልጣት።
«ዋጋ ወድቋል» እያለ፣ ደላላው ሚዛን ሲሰቅል፣
እሷ ወረቀቷን ዘርግታ፣ ጥፍሯ ከቁጥሩ ሲተከል፣
ፓይሊ ይህን ሲያወራኝ፣ ሳቁ ከሳሉ ሲታገል፣
ኮራሁ እኔም፣ ምን ልደብቅ፤ እርሳስ ክንፍ አወጣ ልበል።

ሰኞ ማታ ነው። ዝናብ። የኦውሴፕ ወንድም ልጅ መጣ፤
ጫማውን ደጅ አወለቀ፣ ፖስታ ከብብቱ አወጣ።
«መርከቡ ረቡዕ ይነሣል፤ አጎቴን ጭነት ጎድሎታል፤
አንድ ቁጥር፣ ለአንድ ቀን፤ ማን ያየዋል? ማን ይጎዳል?»
የቤት ኪራይ ሦስት ወር፤ የልጄ ክፍያ፤ የባለሱቅ ደብተር፤
ምክንያት ለሚፈልግ ሰው፣ ምክንያት ሞልቶ ተርፎ ነበር።

አራት መቶ ሰማንያ ይላል፣ የሺቫራማን ቲኬት፤
ስምንት ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ግራ ጎኑን ብትፍቁት
ሦስት ይሆናል። ይኸው ነው።
ሞረድ አነሣሁ፤ ጎኑን ፋቅሁ፤
በቀኝ በኩል፤ ግልብጥ ነዋ።
ብናኙን እፍ አልሁ።
የሚጠይቀኝ ቢመጣ፣ ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፤
ማንም አልጠየቀኝም።

ዓርብ ዕለት ፓይሊ መጣ። እንደ ልማዱ አልሳቀም።
«ቺናማ ስድስት ጆንያ ሸጠች፤ አልተከራከረችም።
ደላላው ራሱ ደነቀው፤ ጭቅጭቋን ነበር የጠበቀው፤
እሷ ‹ወረቀቱ ካለ አለ ነው› ብላ፣ ጆንያውን በእጇ አቀበለችው።»
ድሮ፣ ጋዜጣው ሳይመጣ፣ እስኪመሽ ትሟገት ነበር፤
ያመነ ሰው አይሟገትም። አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ በአንዲት የእርሳስ ቁጥር።

ማረሚያው ሐሙስ ወጥቶ ነበር፣ አራተኛው ገጽ፣ ከዳር፣
ከጠፋች ፍየል ማስታወቂያ ሥር፣ ፊደሉ እንደ ጉንዳን እግር።
«ፊደሉ ተሰብሮ ነው» አለ ሺቫራማን፤ ሰበቤን ሳልናገር ሰጠኝ፤
ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ከስድብ የባሰ ቆረጠኝ።
«በማክሰኞ እትማችን...» እያልኩ፣ ራሴው ለቅሜዋለሁ።
መርከቡ ግን ረቡዕ ሄዷል፤ ጭሱን ከመስኮት አይቻለሁ።

ያ ቤት ዛሬ ሆቴል ነው፤ የባዕድ አገር ሰው ያድርበታል።
ዋጋው በስልክ ይመጣል፤ የልጅ ልጄ ያነብልኛል።
«ማነው የጻፈው?» እላታለሁ።
«አያ፣ ማሽን ነው» ትላለች፣ ትስቃለች፣
ወደ ሌላ ነገር ታልፋለች።

ያች የተፋቀች ፊደል ከሸሚዝ ኪሴ አልወጣችም፤
ሚዛን ላይ ብትቀመጥ፣ መርፌውን አታነቃንቅም።
ጠዋት ጠዋት፣ ደጃፍ ላይ፣ ጋዜጣዬን እዘረጋለሁ፤
ስምንት ባየሁ ቁጥር፣
ግራ ጎኑን
በጣቴ እዳብሳለሁ።